ሐያሲ ያጣው የእንቁጣጣሽ ሥዕል

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን ስለ ሕፃናት የፈጠራ ችሎታ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፈጠራ ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣ ጸጋ ነው፤ ሁለተኛ፣ አዋቂ ሰው እጁን ከሰበሰበ ጸጋው በራሱ ጊዜ ያብባል። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፤ አማርኛው ያምራል። ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ልጅ የሣለው ሥዕል፣ አንድ ልጅ የገጠመው ግጥም አልተጠቀሰበትም። ሙሽራዋ ያልመጣችበት ሠርግ ሆነብኝ።

እኔ ደግሞ ከሥዕሉ ልነሣ። በነዚህ ገጾች ላይ ልብ ወለድ ተተችቷል፤ ቴአትር ተተችቷል፤ የግጥም መድበልማ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የምንቀራመተው። ይሁንና በያመቱ በጳጉሜን ቀኖች በየጓዳው የሚሠራ፣ መስከረም 1 ቀን ጧት በየበሩ የሚዞር፣ እናቶቻችን መስታወት ጠርዝ ላይ ሰክተው የሚያቆዩት ሥዕል አለ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። በኤግዚቢሽን አዳራሽ ደጃፍ አልፎ የማያውቅ ሰው እንኳ ይኸን ሥዕል በእጁ ይዞ አይቶታል፤ ከፍሎበታልም። ግን አንድ ሐያሲ እንኳ የለውም። ለምን? ሠዓሊው ቁምጣ ስለለበሰ ይመስለኛል።

የማያውቀው አለ ብዬ አልጠረጥርም፤ ቢሆንም ሥርዓቱን ላስታውስ። ሴቶቹ ልጆች ቄጠማና አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ሥዕል ያድላሉ። ወረቀቱ ካልተሳካ የደብተር መሐል ገጽ ነው፤ ከተሳካ ደግሞ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ለአራት ተቆርጦ። መሐሉ ላይ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይቀመጣል፤ ወይም በነጭ ፈረስ ላይ ያለ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከእግሩ ሥር ዘንዶው፤ ወይም ከማሰሮ የወጣ የአበባ እቅፍ። ፀሐይ ከላይ በኩል ዓይንና አፍ አውጥታ ታያለች። ዙሪያውን እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ ይጣልበታል። ከታች እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማርቆስ ወደ ሉቃስ፣ ከዚያ ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ። ልጁ ሥዕሉን ለመጨረስ የትኛው ወንጌላዊ ወጥቶ የትኛው እንደሚገባ ማወቅ አለበት። ካላወቀ አያቱን ይጠይቃል።

እስቲ ሥዕሉን እንደ ሥዕል እንየው። ጥላ የለበትም። ርቀት የለበትም። የነገሮች መጠን በዓይን እንደሚታየው ሳይሆን እንደ ክብራቸው ነው፤ መልአኩ ከቤቱ ይበልጣል፤ አበባው ከዛፉ ይበልጣል፤ በበዓሉ ቀን አበባ ከዛፍ ይበልጣልና። ባዶ ቦታ ነውር ነው፤ አንድ ጣት የምታህል ነጭ ከተረፈች ኮከብ ወይም መስቀል ይደፈንባታል። የመልአኩ ሁለት ዓይኖች ፊት ለፊት ተመልካቹን ያያሉ። ዘንዶው ግን በጎን ነው የሚታየው፤ ዓይኑም አንዲት ናት። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሰው ይኸ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም፤ በአሮጌው የአሣሣል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ሲሣል ክፉው ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው። የሰባት ዓመት ልጅ ይኸን ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም። እናቱ ስታስቀድስ ቆሞ ሲሰለቸው ግድግዳ ሲያይ ነው የተማረው።

እንግዲህ ከማሕፀን ይዞት የወጣው የትኛውን ነው? ሐረጉን? የወንጌላዊውን ስም? ባለ አንድ ዓይኑን ዘንዶ? እኛ ሰፈር የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር። ትልቁ ልጅ ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ ሲሥል ትንሹ አጠገቡ ተንበርክኮ እርሳስ ያቀብላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚፈቀድለት ትልቁ በሣለው መስመር ውስጥ ቀለም መቀባት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሐረግ ይጥላል። ከዚያ ክንፍ። ፊት የመጨረሻው ነው፤ ፊቱ ከተበላሸ ወረቀቱ ተበላሸ፤ ወረቀት ደግሞ በገንዘብ ነው። ይኸ ተማሪ ቤት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ያውም አስተማሪው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነ ተማሪ ቤት።

ጓደኛችን የተመረኮዘበት ሐሳብ፣ ልጅ ከአዋቂ የበለጠ ምናብ አለው የሚለው፣ በዓለም ላይ ብዙ ወዳጅ ያለው ሐሳብ ነው። ጠላቱም ቀላል አይደለም። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሶቪየት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ልጆች ምናብና ፈጠራ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እሱ እንደሚለው ምናብ ከባዶ አይነሣም፤ ሰው ካየው፣ ከሰማውና ከነካው ነገር ቆርጦ እየቀጠለ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የልጅ ምናብ ከአዋቂው የደኸየ እንጂ የበለጸገ አይደለም፤ ያየው ትንሽ ነውና። ልጁ የሚበልጠን ምናቡን በማመኑና ብዙም ባለመቆጣጠሩ ነው። ይኸ አነጋገር መጀመሪያ ሲሰሙት ልጆችን የናቀ ይመስላል። ግን ውጤቱን አስቡት። ፈጠራ ጸጋ ብቻ ከሆነ እኛ የምናደርገው ነገር የለም፤ የተሰጠው ተሰጠው፣ ያልተሰጠው ቀረበት። ፈጠራ ካዩት ነገር የሚሠራ ከሆነ ግን ልጁ ምን አየ፣ ምን ነካ፣ ማን አሳየው የሚለው ጥያቄ የእኛ ዕዳ ይሆናል።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልግባ። ዛሬ በብዙ የከተማ ሰፈር መስከረም 1 ቀን በር የሚያንኳኳው ልጅ በእጁ የያዘው የታተመ ካርድ ነው፤ ካልሆነም አንድ ጊዜ ተሥሎ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወረቀት። ካርዱ ያብረቀርቃል። ጽጌረዳው እኛ አገር የማይበቅል ዓይነት ነው፤ አደይ አበባ የለበትም። ልጁ ገዝቶ ያድላል፤ ሠዓሊ መሆኑ ቀርቶ አከፋፋይ ሆኗል።

ልጁን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። በእጁ አምስት ሥዕል የሠራ ልጅ አምስት በር ያንኳኳል። ሠላሳ ቅጂ የያዘ ሠላሳ በር ያንኳኳል። ሁለቱም በየበሩ የሚሰጣቸው ብር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጳጉሜን ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ ክንፍ የሚቀባው ልጅ ምን ቢቃጣው ነው? ሒሳብ የማይችል ልጅ መሆን አለበት። ጥፋቱ ያለው በሩን በሚከፍተው ሰው ላይ ነው። የጋሼ እጅ ወደ ኪሱ ሲሄድ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ አልሄደም። ሳያይ ይቀበላል፤ ሳያይ ይሰጣል። በእጅ የተሠራውንና በመኪና የታተመውን እኩል ያደረጋቸው ፎቶ ኮፒው አይደለም፤ ተቀባዩ ነው።

ይኸን የምለው በግምት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ጊዮርጊስን ሥሎ አብሬው ዞሬ ነበር። በየቤቱ የሰማነው ቃል አንድ ነው፤ "ጎበዝ! እደግ!" ይሉና ብሩ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወረወራል። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ግን "ቆይ" ብለው መነጽራቸውን አመጡ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ና እስቲ፤ ይኸ ፈረስ እግሩ አምስት ነው?"

"አዎ አባባ።"

"ለምን ሆነ?"

"እየሮጠ እኮ ነው። አንዱ እግሩ ሁለት ቦታ ነው ያለው።"

ሽማግሌው ትንሽ ዝም ብለው እንደገና አዩትና "እሺ፤ እሱስ ልክ ነህ። ፈረሱ እንዲህ ከሮጠ ታዲያ ዘንዶው ለምን አርፎ ተኛ?" አሉት። ወንድሜ መልስ አልነበረውም። የሰጡት ብር ከሌላው ቤት አልበለጠም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ዘንዶው ተነሥቷል። ጅራቱ ሐረጉን ጥሶ ከወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ወጥቶ ነበር፤ ያ ሐረግ በኛ ሰፈር ሕግ ፈጽሞ የማይጣስ ነው። ወንድሜ ያንን ሥዕል ለማንም አላስነካም፤ ቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ነው የወሰደው።

ሽማግሌው ያደረጉት ሒስ ነው። መጀመሪያ አዩ። ከዚያ ጠየቁ። መልሱ ሲያሳምናቸው ተቀበሉ፤ ያላሳመናቸውን ደግሞ በቀልድ ለውሰው ተናገሩ። እኛ እዚህ በልብ ወለድ ላይ ለማድረግ የምንፍጨረጨረውን እሳቸው በር ላይ ቆመው ጨረሱት። "ጎበዝ" ግን ሒስ አይደለም፤ በር መዝጊያ ነው። ልጅ ደግሞ አይሞኝም። ለጥሩውም ለመጥፎውም "ጎበዝ" ከተባለ ሥዕሉን ያየለት እንደሌለ ይገባዋል።

ሐሳቤን የሚደግፍልኝ ሌላ ምስክር ቡሄ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ብዙው ግጥማቸው ከጥንት የተወረሰ ነው፤ አውራጁ ግን በየቤቱ የሚጨምረው አለው። የጌትዬውን ስም፣ የበሩን ቀለም፣ የውሻውን ክፋት፣ ባለፈው ዓመት የተሰጠችውን ትንሽ ሙልሙል ሳይቀር አስገብቶ ቤት ማስመታት አለበት። ካሴት ከወጣለት፣ በቴሌቪዥን ከተዘፈነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ግን ያቺ ያውራጁ ድርሻ እስከ ዛሬ አልሞተችም። ለምን? የአቶ እገሌን ስም የያዘ ግጥም ለአቶ እገሌ ቤት ብቻ ነው የሚሆነው፤ በጅምላ አይታተምም። ሌላም ምክንያት አለ፤ ባለቤቱ ይሰማል። ስሙ ሲጠራ ይስቃል፤ ሲነካ ይቆጣል፤ ካልተገጠመለት ድገሙ ይላል። ሥዕሉ ያጣው ይኸን ጆሮ፣ ይቅርታ፣ ይኸን ዓይን ነው።

(ስለ ሴቶቹ ልጆች አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። እርሳሱ የወንድ፣ ዘፈኑ የሴት የሆነው በማን ፍርድ ነው? የሚገርመው፣ ቀለም ከቀለም ማስማማትን በዕድሜዋ ቀድማ የምትማረው ሴቷ ናት። ሰፌድና መሶብ ስትሰፋ አለላውን ቀይ አድርጋ ከየት እንደምትጀምር፣ አረንጓዴው በስንተኛው ዙር እንደሚገባ ቆጥራ ነው የምትወስነው፤ ወረቀት ላይ ሳይነደፍ፣ በጭንቅላቷ። እኛ ግን ይኸን የቤት ሥራ እንለዋለን። ወንድሟ ያንን የመሰለ ክብ ቢሥል ኖሮ "ይኸ ልጅ ሠዓሊ ነው" ተብሎ ለእንግዳ ይታይ ነበር። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ከሴት ተማሪዎቻችን አንዷ ብትጽፈው እመርጣለሁ።)

ከበሩ ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ። ከዚህ ግቢ ስንወጣ ግማሻችን ጠመኔ ጨባጮች ነንና ነገሩ ይመለከተናል።

እኔ ከተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ባንዱ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጀበና ይሥላሉ፤ እኛ እንገለብጣለን። ከሰሌዳው ጀበና ጋር የተመሳሰለው አሥር ከአሥር ያገኛል። አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አንድ ቀን እጀታዋ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረች ጀበና ሣለ። አንገቷ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ከሥሯ ጨርቅ ተጎዝጉዞላታል። "ይኸ ምንድነው?" ተባለ። "የኛ ቤት ጀበና ናት።" "ሰሌዳውን ተመልከት!" አራት ከአሥር ሰጧት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተሣሉት ስልሳ ጀበናዎች ቡና ፈልቶባት የምታውቀው ያቺ አንዷ ብቻ ነበረች።

መምህሩን ለማሳጣት አይደለም ይኸን የማነሣው። ስልሳ ልጅ፣ አርባ ደቂቃ፣ አንድ ጠመኔ። ስልሳ የተለያየ ጀበና ለማረም እያንዳንዱን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስልሳ አንድ ዓይነት ጀበና ግን በዓይን ጥቅሻ ይታረማል። ሥርዓቱ ለአራሚው እንዲመች ነው የተሠራው። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የእይታ ጥበብ የሚባል ትምህርት አንደኛ ደረጃ ድረስ ገብቷል። መግባቱ መልካም ነው። ግን መጽሐፉ ቢቀየርም ሰሌዳው ላይ ያለችው ጀበና ካልወረደች ምን ለውጥ አለ?

ታዲያ ምን ይደረግ? ጓደኛችን "እጃችንን እንሰብስብ" ይላል። ይኸን ሐሳብ ከሱ በፊት በትልቁ የተናገረው ቶልስቶይ ነው። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1859 በርስቱ በያስናያ ፖሊያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በ1862 ባወጣው ጽሑፍ፣ መጻፍ የሚማረው ማን ከማን ነው፣ የገበሬ ልጆች ከኛ ወይስ እኛ ከገበሬ ልጆች ብሎ ጠየቀ። መልሱ፣ እኛ ከነሱ የሚል ነው። ነገሩ የተጀመረው አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ሰጥቷቸው በዚያ ላይ ታሪክ ጻፉ ባላቸው ጊዜ ነበር። አይሆንልንም፣ አንተው ጻፍ አሉት። መጻፍ ጀመረ። ልጆቹ በትከሻው ላይ እያዩ ማረም ጀመሩ፤ ይኸ እንዲህ አይባልም፣ ያ እንዲህ አይደረግም እያሉ። ፌድካ የተባለው ልጅ በታሪኩ ውስጥ ያለው ገበሬ የሴት ካፖርት ለብሶ ይውጣ ብሎ ድርቅ አለ። ቶልስቶይ በኋላ እንደጻፈው፣ በዚያች አንዲት ካፖርት ደረተ ጠባቡ ደካማ ገበሬ ከነኑሮው ቁልጭ ብሎ ታየው። እሱ፣ ያን ያህል ደራሲ፣ ያላሰባትን።

እስከዚህ ድረስ ቶልስቶይ የጓደኛችን ምስክር ይመስላል። ግን ሰውየው የተናገረውን ትተን ያደረገውን እንይ። ርእስ አቀረበ። መጀመሪያ ብዕሩን ራሱ ያዘ፤ የጽሕፈቱን ድካም ከልጆቹ ላይ አነሣላቸው። ብዙ ሐሳብ ሲጎርፍ ይኸኛው ወይስ ያኛው ብሎ ምርጫውን አቀለለላቸው፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ለነሱ ለቀቀ። ስለ ደብተር ንጽሕና፣ ስለ እጅ ጽሕፈትና ስለ ፊደል ግድፈት ቃል ላለመናገር ወሰነ። ቪጎትስኪ በዚያችው መጽሐፉ ይኸን ታሪክ አንሥቶ፣ ቶልስቶይ ልጆቹን አላስተማርኳቸውም ቢልም አስተምሯቸዋል፣ ያውም በደንብ ይላል። እኔም እዚህ ላይ ከቪጎትስኪ ጋር ነኝ። ቶልስቶይ እጁን አልሰበሰበም፤ የቱ ቦታ እንደሚያሳርፈው ነው ያወቀው።

ለዚህ ደግሞ ሩሲያ ድረስ መሄድም አያሻንም ነበር። የቅኔ ቤት አለን። የቆሎ ተማሪው ግሱን ሸምድዶ፣ ቆጠራውን ለይቶ ከባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ እስከ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ሕጉ ብረት ነው፤ ቤቱ፣ ምጣኔው፣ ሰሙና ወርቁ። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አለማምጣት ነው። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብማ ነውር ነው። ልጁ ቀኑን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና የራሱን ይዞ ለነገራ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ይሰማሉ። የተሰበረውን ያቃኑለታል፤ የማይቃናውን ጣለው ይሉታል። በየቀኑ አዲስ ነገር የሚጠየቅበት፣ በየቀኑም የሚሰማ ሰው ያለበት ትምህርት ቤት ነው። እኛ ዘመናዊዎቹ የቆሎ ተማሪን የሽምደዳ ምልክት አድርገን ስንሥለው እንውላለን። ለዜማውና ለንባቡ እውነት ሊሆን ይችላል። ቅኔ ቤትን ግን አይመለከትም፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜያችን አዲስ ነገር ያመጣው አራት ከአሥር ሲያገኝ፣ ቅኔ ቤት አዲስ ያላመጣው ነው የሚያፍረው።

ቅኔ ቤት ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ችጋሩ፣ አለንጋው፣ ሴት ልጅ እምብዛም ያልገባችበት መሆኑ፣ ይኸ ሁሉ ይታወቃል። ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ስለ ታላላቆቹ ሠዓሊዎቻችን የምንተርከው ተረትም መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ይኸን ታሪክ ጸጋ መንገዱን አያጣም ለማለት እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ልጁ የያዘውን እርሳስ ያየ፣ አይቶም ዝም ያላለ ሰው በመንገዱ ላይ ነበረ። ማዕድን መሐንዲስ ሆነው የቀሩት ሌሎቹስ? የእነሱን ተረት የሚነግረን የለም። የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለጎለመሰው ሠዓሊ ቢያንስ አንድ በር አለው። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ያለው በር ግን አሁንም ያው የጎረቤት በር ነው። ስለዚህ ነው በሩ ላይ ይኸን ያህል የምጨቃጨቀው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ማቆየት ነው። ጓደኛችን የልጆችን ፈጠራ "እንንከባከብ" ሲል ልባቸውን ማለቱ ነው። እኔ ወረቀቱንም እላለሁ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ዕድሜው ስንት ነው? እስከ መስቀል መስታወቱ ላይ ይቆያል። ከዚያ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ዝንብ ያርፍበታል፤ አንድ ቀን ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። የፌድካና የጓደኛው ጽሑፍም እንዲሁ ጠፍቶ ነበር፤ ልጆቹ ማታ ቶልስቶይ ቤት መጥተው እንደገና ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ካፖርት የምናወራው ነገር ባልነበረ። የኛ ልጆች ሥዕል ሲጠፋ እንደገና ጻፉልኝ የሚል የለም። በአያቶቻችን ልጅነት መልአኩ ምን ይመስል ነበር? ቀለሙ ከምን ይወጣ ነበር? አውሮፕላን ሥዕሉ ውስጥ የገባው መቼ ነው? ከአውሮፕላኑና ከመልአኩ የትኛው ይበልጥ ነበር? ይኸን ለማጥናት የሚፈልግ ሰው የሚያየው አንዳች ነገር የለም። የብራናውን ሐረግ በጥንቃቄ ቆጥረን መዝግበናል፤ ከሐረጉ የተማረውን ልጅ ግን አቃጥለነዋል።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለናንተም ለአንባቢዎች። በመጪው ጳጉሜን ወደየቤታችን የምንሄድ አለን፤ እዚሁ የምንቀርም አለን። መስከረም 1 ቀን በር ሲንኳኳ በእጅ የተሠራ ሥዕል ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ከታተመው ካርድ በላይ ይከፈለው። አንድ ጥያቄም ይጠየቅ፤ ሥዕሉን አይቶ የሚጠየቅ፣ እውነተኛ ጥያቄ። ልጁ የሰጠው መልስ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩና ዓመተ ምሕረቱ በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፤ በስክሪፕቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊቱ ዘልቆ ይወጣል። ወረቀቱ ሳይታጠፍ በደብተር መሐል ይምጣ። እዚህ መጽሔት ላይ በቀለም ማውጣት አንችልም፤ በጥቁር መስመር ግን ጥቂቶቹን ማውጣት ይቻላል፤ የቀረውን ደግሞ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን የምንመዘግበው ሁለት ሦስት ሰዎች አንጠፋም። እኔ አንዱ ነኝ። የታናሽ ወንድሜ ዘንዶ ግን አይገኝም፤ ሽማግሌው አልሰጥም ብለዋል።